ሰው ለሌለው ሰው መሆን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መፃጉዕ ይባላል። በዚህ ዕለት የሚነበበው ወንጌል በዮሐንስ ምዕራፍ 5 የተጻፈው ነው። በኢየሩሳሌም በበጎች በር አጠገብ፣ አምስት መመላለሻ ባላት መጠመቂያ ዳር፣ 38 ዓመት የአልጋ ቁራኛ ሆኖ የኖረ ሰው ነበረ። ጌታችን ልትድን ትፈልጋለህ ወይ ብሎ ሲጠይቀው ሰውየው አዎን አላለም። ውኃው ሲናወጥ አንሥቶ የሚያስገባው ሰው እንደሌለው፣ ሌላው እየቀደመው እንደሚገባ ነው የተናገረው። ልብ በሉ፤ ስለ በሽታው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ያንገበገበው ሰው ማጣቱ ነው።

ጭንቀት ሲይዘን እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። የቤት ኪራይ ሲጨምር፣ የሐኪም ውጤት ስንጠብቅ፣ ልጅ ከቤት ወጥቶ ሲቀር «እኔ ማን አለኝ?» እንላለን። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ይብሳል።

ከራሴ ልጀምር። ልጄ ለሥራ ዐረብ አገር ሄዳ በ2011 ዓ.ም. የዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ስልኳ ተዘጋ። እስከ አራተኛው ሳምንት አልተከፈተም። የላኳትን ሰዎች ጠየቅሁ፣ ማመልከት ባለብኝ ቦታ ሁሉ አመለከትሁ፤ ከዚያ በኋላ በእጄ የቀረ ነገር አልነበረም። ታዲያ ልቤ መች ዐረፈ? ስልኬን ትራስ ሥር አድርጌ ሌሊቱን አሥር ጊዜ አየዋለሁ። ቅዳሴ ቆሜ ሐሳቤ ኪሴ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ስታለቅስ እቆጣታለሁ። ጭንቀት እኮ ሰውን ርኅሩኅ አያደርግም፤ እኔን ክፉ አድርጎኝ ነበር።

ይህንን ለንስሐ አባቴ ነግሬ ጸሎትና ስግደት እንዲያዙልኝ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን «በዚህ ሳምንት ማንን ጠየቅህ?» አሉኝ። «አባቴ፣ እኔ ራሴ ጠያቂ የሚያስፈልገኝ ሰው ነኝ» አልኋቸው። «እንግዲያው ቅዳሜ ሆስፒታል ሂድና አስታማሚ የሌለው ማን እንደሆነ ነርሶቹን ጠይቅ» ብለው በመስቀላቸው ባርከው አሰናበቱኝ። እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። ነገሩ ያልገባቸው መሰለኝ።

ሄድሁ። ነርሷ ወደ አንድ አዛውንት መራችኝ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ከገጠር ነው የመጡት። ያመጣቸው የወንድማቸው ልጅ ገንዘቡ ሲያልቅበት ተመልሷል። አስታማሚ የሌለው ሕመምተኛ ምን እንደሚሆን የደረሰበት ያውቀዋል፤ መድኃኒት ከውጭ ይገዛ ሲባል የሚሮጥለት፣ ውኃ የሚያቀብለው፣ የሚያገላብጠው የለም። ፊታቸውን አጠብሁ። የያዝሁትን የአጃ አጥሚት በማንኪያ ሰጠኋቸው። የታዘዘላቸውን መርፌ ፍለጋ ሦስት ፋርማሲ ዞርሁ። ሦስተኛው ፋርማሲ በር ላይ ስደርስ ነው ከጠዋት ጀምሮ ስልኬን አለማየቴ ትዝ ያለኝ።

ልሰናበታቸው ስል «ቤተሰብ አለህ ወይ ልጄ?» አሉኝ። የሆነውን ነገርኋቸው። «ክርስትና ስሟን ንገረኝ» አሉ። ከአልጋ መነሣት የማይችሉ ሰው እጃቸውን ዘርግተው አቡነ ዘበሰማያት ደገሙላት። በዚያች ሌሊት የልጄ ስልክ እንደተዘጋ ነበር። እኔ ግን ተኛሁ።

ይህን የምነግራችሁ «በጎ ሥራ ሥሩ፣ የጠፋው ይገኝላችኋል» ለማለት አይደለም። እንዲህ ማለት ከእግዚአብሔር ጋር መነገድ ነው። ልጄ የደወለችው ከትንሣኤ በኋላ ነው፤ አሠሪዎቿ ስልኳን ነጥቀዋት ኖሯል። ስልካቸው እስከ ዛሬ ያልጮኸ ወላጆችም አውቃለሁ፤ የእነርሱ አገልግሎት ከእኔ አንሶ አይደለም። ፍቅር የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፤ ዓይናችንን ከራሳችን ላይ ያነሣዋል። የሌላውን ሰው ቁስል የሚያጥብ ሰው፣ ቢያንስ ለዚያች ሰዓት፣ የነገን መከራ ቁጭ ብሎ መቁጠር አይችልም። ጭንቀቱ እህል አላስበላ፣ እንቅልፍ አላስተኛ ብሎ የሰነበተበት ሰው ደግሞ ሐኪም ዘንድም ይሂድ፤ ከእምነት ማነስ አይቆጠርበትም።

የመፃጉዕ ዕለት ምስባክ ከመዝሙር 40 የተወሰደ ነው፤ እግዚአብሔር ሰውን በደዌው አልጋ ላይ እንደሚረዳው ይናገራል። ይህን ስንሰማ ራሳችንን አልጋው ላይ አድርገን ነው የምንሰማው። ደግ ነው። ነገር ግን ቤታችሁ ስትገቡ መዝሙሩን ከመጀመሪያው አንብቡት። በአልጋው ላይ የሚረዳው ሰው ማነው? አስቀድሞ ለድኻው ያሰበ ሰው ነው። ኢሳይያስም በምዕራፍ 58 ስለ ጾም ሲናገር ለተራበ እንጀራ ማካፈልን አስቀድሞ ፈውስን ከኋላው አስከተለ። እኛ ግን «መጀመሪያ የእኔ ይቅለልልኝና ከዚያ ሰው እረዳለሁ» እንላለን። ስንቱ ይህን እንዳለ አረጀ!

ታዲያ ማርታም እኮ ታገለግል ነበር (ሉቃ 10፥38-42)። ጌታ ግን በብዙ ነገር መጨነቋን ነው የነገራት። ከድስቱ ጋር ስትታገል የመጣላትን እንግዳ ረሳችው። በማኅበርና በሰንበቴ ጉድ ጉድ የምንል ሰዎች ይህ ይነካናል። ጠበሉ ጠዲቁ ይበቃ ይሆን፣ ሰው ምን ይለኝ ይሆን እያልን አገልግሎቱ ራሱ ሌላ ጭንቀት ይሆንብናል። ምስጋና መጠበቅም እንዲሁ ነው። አባቶቻችን እንደሚያስተምሩን፣ ያ ከ38 ዓመት አልጋ የተነሣው መፃጉዕ ነው ኋላ ጌታን በሸንጎ መካከል በጥፊ የመታው። ጌታችን ይህንን እያወቀ ነበር ያዳነው።

በጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምንቆይ ሰዎች የምሳ ሰዓት ተርፎናል። በየሰፈራችን ልጆቿ ውጭ አገር ሆነው ብቻዋን የቀረች እናት አትጠፋም፤ ብር ይላክላታል፣ ጸበል የሚያደርሳት ግን የላትም። ቡና አፍልታ የሚጠጣላት ሰው ያጣችም አለች። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፤ እግርና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃል፤ አንዱን ወሬ አራት ጊዜ መስማት ስለሚመጣ።

አዛውንቱ ከበዓለ ትንሣኤ በፊት ድነው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አሁንም ወደዚያው ጎራ ብዬ ነርሶቹን እጠይቃለሁ። አስታማሚ የሌለው አልጋ የጠፋበትን ሳምንት እስካሁን አላየሁም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።