የልኬትና የቆረጣ ስህተቶች በቤት ውስጥ የእንጨት ሥራ

«አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለውን አባባል ያልሰማ የለም። ይሁን እንጂ ደጋግሞ ለክቶም የሚሳሳት ብዙ ነው። የመጀመሪያው ልክ የተሳሳተበት ምክንያት ካልታወቀ፣ በዚያው መንገድ አሥር ጊዜ መለካት ስህተቱን አሥር ጊዜ መድገም ይሆናል። ስለዚህ ማረጋገጥ ማለት በሌላ መንገድ መለካት ማለት ነው። የዛሬው ትምህርታችን በዚህ ላይ ያተኩራል።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ጅቡቲ ደን የበዛባት አገር ስላልሆነች የሥራ ጣውላ በአብዛኛው በመርከብ ከውጭ ይመጣል፤ ዋጋውም ውድ ነው። ረዝሞ የተቆረጠ ጣውላ እንደገና ይቆረጣል፤ አጥሮ የተቆረጠ ግን አይቀጠልም። እንደ ካርቲየ 7 ቢስ ባሉ የጣውላና የቆርቆሮ ቤቶች በሚገኙባቸው ሰፈሮች ደግሞ በልክ ያልተሠራ በር አይዘጋም። በር ካልተዘጋ የቤተሰቡ ዕቃ ያለ ጥበቃ ያድራል።

1ኛ. የሜትሩ ጫፍ

በብረት ሜትር ጫፍ ላይ ያለችው መንጠቆ ትንሽ ትነቃነቃለች። የተበላሸች መስሏቸው በመዶሻ መትተው የሚያጠብቋት አሉ። ይህ ስህተት ነው። መንጠቆዋ ሆን ተብሎ የራሷን ውፍረት ያህል እንድትንቀሳቀስ ተደርጋለች። ጣውላ ጫፍ ላይ ስትያዝ ወደ ውጭ ትሳባለች፣ ግድግዳ ላይ ስትገፋ ወደ ውስጥ ትገባለች፤ በሁለቱም መንገድ ልኩ ትክክል ይሆናል።

ጫፉ ያለቀ ወይም የተጣመመ ሜትር ከሆነ ከ10 ሳንቲ ሜትር ጀምሮ መለካት ይቻላል። ነገር ግን 75 ሳንቲ ሜትር የፈለገ ሰው 85 ላይ ምልክት ማድረግ አለበት። ይህን የረሳ ጣውላውን በ10 ሳንቲ ሜትር ያሳጥረዋል። የልብስ ስፌት ሜትር ስለሚለጠጥ ለእንጨት አይጠቅምም።

2ኛ. መጋዝ የሚበላው

መጋዝ ሲቆርጥ እንጨቱን ወደ ዱቄት ይለውጣል። ጥርሱ በየቆረጣው 2 ሚሊ ሜትር ይበላል እንበል። 120 ሳንቲ ሜትር ካለው ጣውላ እያንዳንዳቸው 40 የሆኑ ሦስት መደርደሪያዎች ለማውጣት በ40 እና በ80 ላይ አስምረን ብንቆርጥ፣ ሁለቱ ቆረጣዎች 4 ሚሊ ሜትር ይበላሉ። ሦስቱ መደርደሪያዎችም እኩል አይሆኑም። እኩል እንዲሆኑ ከ120 ላይ 4 ሚሊ ሜትር ቀንሰን ቀሪውን ለሦስት እናካፍላለን፤ እያንዳንዱ ወደ 39 ሳንቲ ሜትር ከ8.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

መጋዙ ሁልጊዜ ከመስመሩ ወዲያ፣ በሚጣለው በኩል ይሂድ። ይህ እንዳይዘነጋ በሚጣለው ክፍል ላይ በእርሳስ የ«✗» ምልክት አድርጉ።

3ኛ. ውፍረትን መርሳት

ከውጭ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሣጥን ልንሠራ ነው እንበል። የጎኖቹ ጣውላ ውፍረት 2 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ በሁለቱ ጎኖች መካከል የሚገባው ጣውላ 60 ሳይሆን 56 ነው። ከመቁረጥ በፊት ሥዕሉን በወረቀት ላይ ነድፎ የትኛው ጣውላ በየትኛው ላይ እንደሚያርፍ ማሳየት ይጠቅማል።

4ኛ. ማዕዘን

ልኩ ትክክል ሆኖ ሥራው የሚጣመምበት ጊዜ አለ፤ ጥፋቱ የማዕዘኑ ነው። ስኳድራ ከሌለ የትምህርት ቤት ሒሳብ ይረዳናል። ከማዕዘኑ በአንዱ ጎን 30፣ በሌላው ጎን 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት በትክክል 50 ከሆነ ማዕዘኑ ቀጤ ነው። ተጋጥሞ ላለቀ ሣጥን ወይም ፍሬም ደግሞ ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ ለኩ፤ ተቃራኒ ጎኖቹ እኩል ከሆኑ ሁለቱ ልኮችም እኩል መሆን አለባቸው። በጅቡቲ ገበያ ስኳድራ ስትፈልጉ በፈረንሳይኛ «ኤኬር» ብላችሁ ጠይቁ።

5ኛ. ሁለት ሜትር፣ ሁለት ልክ

አንድ ሥራ በአንድ ሜትር ይጀመር፣ በዚያው ይጠናቀቅ። ለዚህ በአገራችን የሚታወቅ ምሳሌ አለ። በ1917 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ አዲስ አበባ የደረሰው የድሮ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ በ2018 እ.ኤ.አ. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ ሐዲድ ደግሞ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለቱም በየራሳቸው ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን ለአንዱ የተሠራ ባቡር በሌላው ላይ አይሄድም።

አንድ ዓይነት ብዙ ቁራጭ ስትሠሩ በትክክል የተቆረጠውን የመጀመሪያውን መለኪያ አድርጉት። ሁለተኛውን በመጀመሪያው፣ ሦስተኛውንም በመጀመሪያው ለኩ። ሦስተኛው በሁለተኛው፣ አራተኛው በሦስተኛው ከተለካ የእርሳሱ መስመር ውፍረት እየተጨመረ ስህተቱ ያድጋል። ለበር ከሆነ ስፋቱን ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ለኩ፤ ከሦስቱ ትንሹን ያዙና ለመክፈቻና ለመዝጊያ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ቀንሱ።

መልመጃ

ሀ. የበር ቦታ ስፋት ከላይ 74.5፣ ከመሐል 74፣ ከታች 74.2 ሳንቲ ሜትር ነው። የበሩ ስፋት ስንት ይሁን?

ለ. ከ200 ሳንቲ ሜትር ጣውላ እያንዳንዱ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት የወንበር እግር ቢቆረጥና መጋዙ በየቆረጣው 2 ሚሊ ሜትር ቢበላ፣ ስንት ይተርፋል?

መልስ፦ ሀ) 73.4 ሳንቲ ሜትር። ለ) 19.2 ሳንቲ ሜትር።

መልሱ ያልገጠመላችሁ፣ ሒሳቡን በወረቀት ከመድገም ይልቅ በቁራጭ እንጨት ላይ ሞክሩት። ለልምምድ ከወደቀ ቁራጭ የሚሻል መምህር የለም።