የተገለለ ፋይል ሳይመረመር አይደምሰስ

ከብት አርቢ ሕመም የጠረጠረበትን ከብት ከመንጋው ነጥሎ ያቆያል እንጂ ሳያጣራ አያርድም። ፀረ ቫይረስ ፕሮግራምም የጠረጠረውን ፋይል እንዳይሠራ ቆልፎ ለብቻው ያስቀምጠዋል። ይህ «ኳራንቲን» ይባላል።

ብዙ ኮምፒውተሮች ያሉት መሥሪያ ቤት ኳራንቲኑን ከአንድ ማዕከል መቆጣጠር ይችላል። ናይሮቢ የተቀመጠ ባለሙያ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሞያሌ ባለው ኮምፒውተር ላይ የተገለሉትን ፋይሎች ዝርዝር ያያል፤ ከዚያው ሆኖ ያስመልሳል ወይም ይደመስሳል። መብራት ጠፍቶ ከሆነ ትእዛዙ የሚፈጸመው ኮምፒውተሩ ከመረቡ ጋር እንደገና ሲገናኝ ነው።

አደጋው «ሁሉንም ደምስስ» ማለቱ ላይ ነው። ፕሮግራሙም ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2010 የማካፊ ፀረ ቫይረስ ጤናማውን የዊንዶውስ ኤክስፒ ፋይል ቫይረስ ነው በማለቱ በልዩ ልዩ አገሮች ብዙ ኮምፒውተሮች ከሥራ ውጭ ሆነዋል። የተገለለው ፋይል የአንድ ስደተኛ ማመልከቻ ወይም የልደት ማስረጃ ቢሆንስ? ባለቤቱ ሌላ ቅጂ ላይኖረው ይችላል።

ስለዚህ፦

1ኛ/ የፋይሉን ስም፣ የነበረበትን ቦታና የተገለለበትን ቀን ይመልከቱ፤ ባለቤቱንም ይጠይቁ።

2ኛ/ ፀረ ቫይረሱን አድሰው ፋይሉን እንደገና ያስመርምሩ። የስደተኞችን ምሥጢራዊ ሰነድ ግን ለማንም ክፍት ወደሆነ የመመርመሪያ ድረ ገጽ አይላኩ።

3ኛ/ ንጹሕ ከሆነ ያንኑ ፋይል ብቻ ያስመልሱ። ቫይረስ ከሆነ ደምስሰው የመጣበትን ፍላሽ ይፈትሹ።

4ኛ/ ብዙ ፕሮግራሞች የተገለለውን ፋይል ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ራሳቸው ስለሚደመስሱ ውሳኔውን አያዘግዩ።