"ሃሳብ በዛብኝ" ሲባል፦ ጭንቀትን የምንቋቋምባቸው ሁለት መንገዶች

 

ዛሬ ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን አነሳለሁ። "ዶክተር፣ ራሴን ያመኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ጨጓራዬ ይቃጠላል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ ምርመራው ግን ምንም የለም ይላል።" እዚህ አዲሎ ላይ እንዲህ የሚሉኝን ጠጋ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ወሬው ብዙ ጊዜ ደቡብ አፍሪካ ይደርሳል። ልጅ መንገድ ላይ ነው፣ በሬው ተሸጧል፣ ብድር ተወስዷል፣ ስልኩ ከተዘጋ ሰንብቷል።

ስጋቱ ያለምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ፣ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር 64 ስደተኞች ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል፤ ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ነው የተነገረው። በዚህ መንገድ ልጅ የላከች እናት ብትጨነቅ ከእምነት ማነስ አይደለም፣ እብደትም አይደለም። ጥያቄው ጭንቀቱን እንዴት እንያዘው የሚለው ነው።

👉 ጭንቀት ሰውነትን ለምን ያማል?

አደጋ ሲሰማን ሰውነታችን አድሬናሊንና ኮርቲዞል የሚባሉ ሆርሞኖችን ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ እንቅልፍ ይሸሻል። ለአጭር ጊዜ ይህ ይጠቅማል፤ ለወራት ሲቀጥል ግን ያደክመናል። ስለዚህ ሕመሙ የውሸት አይደለም።

👉 ጥናት ምን ይላል?

ሪቻርድ ላዛረስና ሱዛን ፎክማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ችግር ሲገጥመን በውስጣችን ሁለት ነገር እንመዝናለን። አንደኛ፣ "ይህ ነገር ምን ያህል ይጎዳኛል?" ሁለተኛ፣ "ምን ማድረግ እችላለሁ?" ጉዳቱ ከአቅማችን የበለጠ ሲመስለን ያኔ ጭንቀት ይበረታል።

የምንቋቋምበትንም መንገድ በሁለት ከፈሉት፦

1. ችግሩን ራሱን መያዝ፦ እቅድ ማውጣት፣ መረጃ መጠየቅ፣ እርዳታ መፈለግ።
2. ስሜትን መያዝ፦ ማልቀስ፣ መጸለይ፣ ለሚያምኑት ሰው መናገር፣ በእግር መሄድ።

ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ቁም ነገሩ የትኛውን መቼ እንደምንጠቀም ማወቁ ላይ ነው። መለወጥ ለምንችለው የመጀመሪያው፣ ለማንችለው ሁለተኛው ይስማማል። እኔ የማየው ግን ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ልናስተካክለው በምንችለው ብድር ላይ ዝም እንላለን፤ በእጃችን በሌለው የስልክ ጥሪ ላይ ግን ሌሊቱን ሙሉ እንታገላለን።

👉 ዛሬ ማታ ይህን ሞክሩ

አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። (ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ልጆች ጻፉላቸው።)

በአንዱ በኩል "በእጄ ያለ" ብላችሁ ጻፉ፦ ከአበዳሪው ጋር በሽማግሌ ተነጋግሮ የመክፈያ ጊዜ ማራዘም፣ ደላላ ተጨማሪ ገንዘብ ሲጠይቅ ብቻን ሳይወስኑ ቤተሰብ ማማከር፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ጋ ሄዶ ማመልከት። ማኅበሩ የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የማፈላለግ አገልግሎት አለው። ከእነዚህ አንዷን ብቻ መርጣችሁ በዚህ ሳምንት ፈጽሙ።

በሌላው በኩል "በእጄ ያልሆነ" በሉ። ለዚህኛው በቀን የተወሰነ ሰዓት ስጡት፤ ጸልዩ፣ አልቅሱ፣ ቡና ላይ ለጎረቤት አውሩት። ብቻችሁን ግን አትሸከሙት።

👉 ማውራት በእርግጥ ይረዳል?

አዎ! ዚምባብዌ ውስጥ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በጀመሩት ሥራ፣ የሰለጠኑ አያቶች ጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀ ሰው ያዳምጣሉ፤ ችግሩን ራሱ እየከፋፈለ እንዲፈታ ያግዙታል። እዚያም ሰዎች ሕመማቸውን "ብዙ ማሰብ" ነው የሚሉት፤ ልክ እንደ እኛ! በ2016 የታተመው ጥናት 573 ሰዎችን አሳትፏል። ከ6 ወር በኋላ የድባቴ ምልክት የታየባቸው፣ በወንበሩ ከታገዙት 14 በመቶ ያህሉ ሲሆኑ በተለመደው ሕክምና ከቆዩት ግን 50 በመቶ ያህሉ ነበሩ። እኛም እድር አለን፣ የቡና ማኅበር አለን። ለለቅሶ የምንሰበሰበውን ያህል በሕይወት ላለው ጭንቀትም እንሰብሰብ።

👉 መቼ ወደ ጤና ተቋም ልሂድ?

✅ ሀዘን፣ የእንቅልፍ ወይም የምግብ ፍላጎት ማጣት ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ
✅ ሥራ መሥራት፣ ልጆችን መንከባከብ ካቃተ
✅ መጠጥ ወይም ጫት ማረፊያ እየሆነ ከመጣ
✅ "ብሞት ይሻለኛል" የሚል ሃሳብ ከመጣ፦ ይህ ለነገ አይባልም! ሰውየውን ብቻውን ሳትተዉ በዚያው ቀን ይዛችሁት ኑ።

የእንቅልፍ ኪኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝታችሁ አትውሰዱ፤ ሱስ ሊሆን ይችላል። ጸሎትና ሕክምና ደግሞ አይጣሉም፤ ሁለቱንም ያዙ።

ይህን ጽሑፍ ልጅ መንገድ ላይ ላለበት አንድ ቤተሰብ አካፍሉ። ከቻላችሁ ግን ቤታቸው ሄዳችሁ ቁጭ በሉና አንብቡላቸው።

ጤና ይብዛላችሁ!