የድሮ ጦር ካምፕን የእግረኛ ሰፈር ለማድረግ፦ ለመቱና ለአካባቢዋ ከተሞች

ጎሬ ራስ ተሰማ ናደው ኢሉባቦርን ያስተዳደሩባት የጦር ከተማ ነበረች፤ የተቆረቆረችውም መኪና አገሩን ሳያውቀው ነው። ዛሬ በመቱ፣ በጎሬ ወይም በበደሌ የድሮ ካምፕ ወይም የተኩስ መለማመጃ ሜዳ ለከተማው ቢለቀቅ ሠፊው ሕዝብ አሁንም የሚንቀሳቀሰው በእግሩና በባጃጅ ነው። ስለዚህ የፕላን ባለሙያው ዋና ሥራ ገና ላልመጣ መኪና መሬቱን ከወዲሁ አለመስጠት ነው።

መጀመሪያ መሬቱን አጽዱ። ርክክቡ በጽሑፍ ይሁን፤ ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ አለመቅረቱን የሠራዊቱ ባለሙያዎች ፈትሸው ያረጋግጡ። የካምፑ ጋራዥና የነዳጅ ማከማቻ የነበረበትን ቦታ ለይታችሁ ጉድጓድ ውኃም ጓሮም ከዚያ አርቁ። ወታደሩ ከመስፈሩ በፊት መሬቱን ያርሱ የነበሩ ቤተሰቦች ካሉ ጥያቄያቸው አሁኑኑ ይሰማ። ይህን ያቆየ ፕላን ፍርድ ቤት ሲመላለስ ይከርማል።

ቀጥሎ ዝናቡን ጠብቁ። በመቱ አካባቢ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ በበጋ ብቻ የተለካ ካርታ ያታልላል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ እንዳባራ በቦታው ተዘዋውራችሁ ውኃው የሚወርድበትን፣ የሚተኛበትንና አፈር የሚሸረሽርበትን በችካል ምልክት አድርጉ። እነዚያ መስመሮች ቤት አይሠራባቸውም፤ ሣር የለበሱ ክፍት ቦዮች ይሁኑ። ምንጭ ካለ ሽንት ቤት ከበላዩ አይቆፈር። ዋንዛውና ብሳናው ይቆጠር፣ አንዱም በዶዘር አይነካ፤ ጥላ ያለው መንገድ እግረኛ አያጣም። የሰልፍ ሜዳው ደግሞ የተደለደለ ስለሆነ ለገበያና ለልጆች ኳስ ይተው።

ከዚያ የእግር መንገዱን አስምሩ፤ ከመኪናው መንገድ በፊት ማለቴ ነው። ሰው አቋርጦ የሚሄድበትን ዱካ ተከተሉ፤ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ጤና ጣቢያ አቋራጩን ያወቀው እሱ ነው። ሦስት ሜትር ስፋት ለእግረኛና ለእጅ ጋሪ ይበቃል። ኮብልስቶን ይነጠፍ፣ ጎርፍ የሚወስድበት ቦይ ከጎኑ ይኑር። ቁልቁለቱ በበዛበት ደረጃ ሥሩ፤ ለአካል ጉዳተኛና ለነፍሰ ጡር ግን ጠመዝማዛ መውጫ የግድ ነው።

መኪናውስ? ጀርመን አገር በፍራይቡርግ ከተማ የፈረንሳይ ጦር በ1992 (እ.ኤ.አ.) የለቀቀው የቮባን ካምፕ ከ5,000 በላይ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ሆኗል። መኪናዎች በዳር ባሉ የጋራ ማቆሚያዎች ይቆማሉ፤ ቤት ደጃፍ የሚደረሰው ዕቃ ለማውረድ ያህል ነው። ትራሙ ሰፈሩ ውስጥ የገባው በ2006 (እ.ኤ.አ.) ነው። እኛ ትራም የለንም፤ የባጃጅ ተራ አለን። ተራውን በሰፈሩ መግቢያ ላይ አድርጉት፤ ከየትኛውም ቤት ከአምስት ደቂቃ የእግር መንገድ አይብለጥ። ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ አራት ሜትር ስፋት ያለው መንገድ በየመንደሩ ይድረስ፤ ሲሚንቶም ሬሳም በዚያው ያልፋል። ቡና በሚለቀምበት ወራት አይሱዙው ጆንያ የሚጭንበትና የሚያራግፍበት ግቢ ዳር ላይ ካልተዘጋጀለት የትኛውም ደንብ ከውስጥ መንገድ አያስወጣውም።

ቦታ ሲሸነሸን ለቤት ሠሪ ማኅበራት ቅድሚያ መስጠቱ ያዋጣል፤ ቮባንም ብዙ ቤት በተደራጁ ነዋሪዎች የተሠራ ነው። ዋናው መተላለፊያ ላይ ሱቅና ሻይ ቤት ከታች፣ መኖሪያ ከላይ ይፈቀድ። ወፍጮ ቤቱ ግን ከመኝታ ቤት ይራቅ።

በመጨረሻ ሁሉም ይጻፍ። የ2000 ዓ.ም. የከተማ ፕላን አዋጅ የአካባቢ ልማት ፕላን የሚባል ደረጃ አለው፤ የእግር መንገዱ፣ ቦዮቹና ሜዳው እዚያ ውስጥ በልክ ይስፈሩ፤ በየሊዝ ውሉም ይደገሙ። ቃል ብቻ ከሆነ በመጀመሪያው ክረምት ቦዩ ይደፈናል፣ በሁለተኛው አጥር ይወጣል። የከተማው ምክር ቤት ይህን ሳያጸድቅ አንድም የይዞታ ካርታ ለማንም አይስጥ።