ወንዙ ሲዳማ፣ ብድሩ ካዛንችስ
አነስተኛ የውኃ ኃይል ለገጠር ቀበሌ የሚያዋጣው መቼ ነው?

በካዛንችስ መብራት ሲጠፋ ቀድሞ የሚሰማው የጄኔሬተር ድምፅ ነው። ሆቴሉም፣ ባንኩም፣ ባለ ብዙ ፎቁ ሕንፃም በየጓሮው ያስቀመጠውን ሞተር ያስነሳል። አነስተኛ የናፍጣ ጄኔሬተር 1 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል ለማመንጨት ከ0.3 እስከ 0.4 ሊትር ናፍጣ ይፈጃል። ለከተማው ነጋዴ ይህ የክፉ ቀን ወጪ ነው፤ መብራቱ ሲመለስ ያበቃል። የኤሌክትሪክ መስመር ላልደረሰበት የገጠር ቀበሌ ግን ናፍጣው የዕለት ተዕለት ወጪ ይሆናል። ለዚህም ነው በደጋው አካባቢ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ጅረት ያላቸው ቀበሌዎች ዓይናቸውን ወደ ውኃው የሚያዞሩት።

ጉዳዩ ካዛንችስን የሚመለከተው በጄኔሬተሩ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኘው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በጆሲፕ ብሮዝ ቲቶ ጎዳና ላይ ነው። የገጠር ኤሌክትሪክ ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 317/1995 ሲቋቋም፣ ለግል ባለሀብቶችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚሰጠውን ብድር የማስተዳደር ሥራ ለዚህ ባንክ ተሰጥቶ ነበር። ስለዚህ ወንዙ የትም ይሁን የት፣ የማኅበሩ የብድር ጥያቄ ካዛንችስ ጠረጴዛ ላይ መቅረቡ አይቀርም። እዚያ የሚጠየቀውም የፏፏቴው ከፍታ ብቻ ሳይሆን፣ ገንዘቡ ከየት መጥቶ ዕዳው እንደሚከፈል ነው። ይህንን ጥያቄ አስቀድሞ ለራሱ ያልመለሰ ማኅበር ማመንጫውን በእርዳታ ቢያገኝ እንኳ ለረጅም ጊዜ ሊያሠራው አይችልም።

አዲስ አበባም የውኃ ኃይልን ታውቀዋለች

የውኃ ኃይል ለዋና ከተማዋ አዲስ ነገር አይደለም። የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ሥራ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1932 ነበር። የማመንጨት አቅሙ ከ7 ሜጋዋት በታች ሲሆን፣ በዛሬ ሚዛን ትንሽ የሚባል ነው። የከተማዋ ወንዞች ተሰባስበው የሚወርዱትም ወደዚሁ ወደ አቃቂ ነው። ማመንጫው ለአሥርተ ዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገና ሥራ ጀምሯል። ግድቡን ከጎዱት ነገሮች አንዱ ደለል ነበር።

ለቀበሌ የሚታሰበው ማመንጫ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ኪሎዋት በታች ሲሆን፣ ትልቅ ግድብም አያስፈልገውም። ከጅረቱ የተወሰነው ውኃ በቦይ ይጠለፋል፤ ቦዩም ውኃውን ደለል ወደሚያዝቅጥ ገንዳ ያደርሰዋል። ከዚያ በቧንቧ ቁልቁል ወርዶ ተርባይኑን ካሽከረከረ በኋላ ወደ ጅረቱ ይመለሳል። ውኃው አይጠፋም፤ ሆኖም በመጥለፊያውና በመመለሻው መካከል መስኖ የሚጠቀም ገበሬ ካለ ስምምነቱ ከግንባታው በፊት መጻፍ አለበት።

ስሌቱ ከባድ አይደለም

አንድ ጅረት ምን ያህል ኃይል እንደሚሰጥ በግምት ለማወቅ ሁለት ቁጥሮች ይበቃሉ። አንደኛው በሴኮንድ የሚፈሰው ውኃ በሊትር፣ ሁለተኛው ውኃው የሚወርድበት ከፍታ በሜትር ነው። ሁለቱ ተባዝተው ለ200 ሲካፈሉ ውጤቱ የሚገኘውን ኃይል በኪሎዋት ያሳያል። ይህ አካሄድ ከውኃው ኃይል ግማሽ ያህሉ በቧንቧ፣ በተርባይንና በጄኔሬተር ውስጥ እንደሚባክን አስቀድሞ የሚያስብ የጥንቃቄ ስሌት ነው።

ለምሳሌ በሴኮንድ 80 ሊትር የሚፈስና 25 ሜትር የሚወርድ ውኃ አለ እንበል። 80 በ25 ሲባዛ 2,000 ይሆናል፤ ለ200 ሲካፈል 10 ኪሎዋት ይሰጣል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ውኃውን በሚለኩበት ወር ነው። በነሐሴ የተለካ ጅረት ሁሉ ባለጸጋ ይመስላል። ማኅበሩ ለደንበኞቹ ቃል መግባት ያለበት ግን ጅረቱ እጅግ በሚቀንስበት የበጋ ወር የሚገኘውን ኃይል ነው። አለበለዚያ በክረምት የተሸጠው መብራት በየካቲትና በመጋቢት ይጠፋል፤ ደንበኛውም መክፈል ያቆማል።

መብራት ብቻውን ዕዳ አይከፍልም

የንግዱ ዋና ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ከላይ የተጠቀሰው 10 ኪሎዋት ሌሊትና ቀን ቢሠራ በ30 ቀን 7,200 ኪሎዋት ሰዓት ያመነጫል። አሁን 150 ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 40 ዋት ለመብራት፣ ለሬዲዮና ለስልክ ይጠቀማሉ፤ ይህም ከምሽቱ 12 እስከ 5 ሰዓት ነው እንበል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢያበሩ የሚፈልጉት 6 ኪሎዋት ነው። በወር የሚገዙት ደግሞ 900 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይሆናል። ይህ ሊመረት ከሚችለው ስምንት እጅ አንዱ ነው። ቀሪው ሰባት እጅ ሳይሸጥ ከውኃው ጋር ይሄዳል።

በዚያው ቀበሌ 7.5 ኪሎዋት የሚፈልግ ወፍጮ ቀን ቀን ለ6 ሰዓት፣ በወር 25 ቀን ቢሠራ የሚወስደው 1,125 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንድ ወፍጮ ከ150 ቤት መብራት በላይ ይገዛል ማለት ነው። የሚሠራውም መብራት በማይበራበት ሰዓት ስለሆነ ተጨማሪ ተርባይን አይጠይቅም።

ልዩነቱ በዋጋ ሲታይ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። ለአሠሪና ለገንዘብ ያዥ ደመወዝ 6,000 ብር፣ ለጥገና ተቀማጭ 4,000 ብር፣ ለዕዳ ክፍያ 10,000 ብር፣ በጠቅላላው የወሩ ወጪ 20,000 ብር ነው ብለን እናስላ። ማኅበሩ መብራት ብቻ ከሸጠ ለ1 ኪሎዋት ሰዓት 22 ብር ገደማ ማስከፈል አለበት። ወፍጮው ሲጨመር ዋጋው ወደ 10 ብር ገደማ ይወርዳል። የአንድ ቤተሰብ ወርኃዊ ክፍያም ከ133 ብር ወደ 60 ብር ገደማ ዝቅ ይላል። ከወሩ ገቢ 11,000 ብር ያህሉ የሚመጣው ከወፍጮው ነው።

በዚሁ ስሌት ናፍጣ በሊትር 100 ብር ቢታሰብ፣ የጄኔሬተር ኃይል ለ1 ኪሎዋት ሰዓት በነዳጅ ብቻ ከ30 እስከ 40 ብር ያስወጣል። ውኃው ናፍጣን የሚረታው በዚህ ነው። የመጀመሪያው ወጪው ግን ከባድ ነው፤ ቦዩ፣ ቧንቧው፣ ተርባይኑና የሽቦው መስመር በአንድ ጊዜ ይገነባሉ። ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ብዙ ጊዜ በሺህዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃሉ።

ከወፍጮው ሌላ የፀጉር አስተካካዩ፣ የእንጨት ሥራ ቤቱና የልብስ ስፌቱ ጥሩ የቀን ደንበኞች ናቸው። በአንጻሩ የኤሌክትሪክ ምጣድ የማመንጫው ፈተና ነው። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ስለሚስብ፣ ምሽት ላይ ሦስት ሴቶች በአንድ ጊዜ እንጀራ ቢጋግሩ 10 ኪሎዋቱ ያልቃል፤ መንደሩም ይጨልማል። በየቤቱ የፍጆታ ወሰን የሚያበጅ ማቋረጫ የሚገጠመው ለዚህ ነው። ምጣድ የሚፈቀድ ከሆነ በቀን፣ በተራ መሆን ይኖርበታል።

ሲዳማ የታየው ምሳሌ

በሀገራችን የዚህ ዓይነት የማኅበረሰብ ማመንጫ በግልጽ የታየው በሲዳማ ነው። ከ2002 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጀርመን የልማት ትብብር ድርጅት በኩል በተሰጠ ድጋፍ በጎቤቾ፣ በኤረርቴና በሃገራ ሶዲቻ አነስተኛ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች ተሠርተዋል። ትንሿ 7 ኪሎዋት ያህል ስትሆን፣ ትልቋ 55 ኪሎዋት ገደማ ናት። የተመረጠው የባለቤትነት መንገድ ተጠቃሚዎቹን በኅብረት ሥራ ማኅበር ማደራጀት ነበር።

አካባቢው ለዚህ ሥራ የሚስማማበት ምክንያት አለው። ደጋው ዝናብ አያጣም፤ ጅረቶቹ ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ቤቶቹም በእንሰቱ መካከል ቢሆኑ ተጠጋግተው ስለሚገኙ ሽቦው ብዙ ርቀት አይሄድም። ቡና አብቃዩ ገበሬ ጥሬ ገንዘብ የሚይዘው ግን በዋናነት በለቀማው ወራት ነው። ወር በገባ ቁጥር እኩል ክፍያ የሚጠይቅ ማኅበር በክረምት ባዶ ሣጥን ይጠብቀዋል። የቡናው ገንዘብ ሲገባ የብዙ ወራት ክፍያ አስቀድሞ መሰብሰብ ለሁለቱም ወገን ይቀላል።

የባለቤትነት ጥያቄም ከዚህ ያነሰ አይደለም። ማመንጫ «የሕዝብ ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ የማንም አይሆንም። በሕግ የተመዘገበ ማኅበር ግን ውል ይፈርማል፣ የባንክ ሒሳብ ይከፍታል፣ ይበደራል፣ ያልከፈለውንም ይቆርጣል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ለዚህ መሠረት ይሰጣል። የማመንጨትና የመሸጥ ፈቃድ ጉዳይ ደግሞ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሥልጣን ነው።

የጥገና ተቀማጩም በወረቀት ላይ የሚቀር መሆን የለበትም። ተርባይን የሚያቆመው ብዙ ጊዜ ትልቅ ስብራት አይደለም፤ ያለቀ ኩሽኔታ፣ የተበጠሰ ቺንጋ ወይም በጎርፍ የፈረሰ ቦይ ነው። ዕቃው አዲስ አበባ ይገኛል፤ ገንዘቡ በሣጥን ውስጥ ከሌለ ግን የሁለት ቀን ጥገና ስድስት ወር ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቤተሰቡ ወደ ኩራዙ ወይም ወደ ሶላሩ ይመለሳል፤ ወፍጮ ፈላጊውም ሌላ ቦታ ይለምዳል።

ዋናው መስመር የደረሰ ዕለት

ለማኅበሩ ትልቁ የንግድ ሥጋት ድርቅ አይደለም፤ የመንግሥት መስመር ነው። በሀገሪቱ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ለመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለብዙ ዓመታት 27 ሳንቲም ገደማ ሆኖ ቆይቷል። ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ቢደረግም የቀበሌ ማመንጫ ሊወዳደረው የሚችል ዋጋ አይደለም። ከላይ በምሳሌ የታየው ማኅበር 2,025 ኪሎዋት ሰዓቱን በ27 ሳንቲም ቢሸጥ የወር ገቢው 550 ብር አይሞላም። ይህ የዘበኛ ደመወዝ እንኳ አይሆንም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ ሁሉንም ቤተሰብ ለማዳረስ አቅዶ፣ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ በሆኑ አማራጮች ለማድረስ አስቦ ነበር። ዓመቱ አልፏል፤ ብዙ የገጠር ቤተሰብም ገና እየጠበቀ ነው። መስመሩ መቼ እንደሚደርስ አለመታወቁ ራሱ ማኅበሩን ያስቸግረዋል። ቶሎ የሚደርስ ከሆነ ዕዳ መግባት ኪሳራ ነው፤ የሚዘገይ ከሆነ ደግሞ መጠበቁ ኪሳራ ነው።

የኔፓል ልምድ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በተራራማዋ ሀገር መንደሮች በርካታ ትናንሽ ማመንጫዎችን ገንብተው ነበር። የመንግሥት መስመር ሲደርስ ደንበኞቻቸውን ያጡና የቆሙ ብዙዎች ናቸው። ሆኖም ሲያውሬቡሚ በተባለ ቦታ ያለው 23 ኪሎዋት ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2018 ከሀገሪቱ ዋና መስመር ጋር ተገናኝቶ ኃይሉን ለመንግሥት መሸጥ ጀምሯል። መንደሩ መብራቱን ከመስመሩ ያገኛል፤ ተርባይኑም አልተጣለም። ይህ ሊሆን የሚችለው ግን የመሣሪያው ጥራትና የሽቦው አዘረጋግ ከመጀመሪያው ከዋናው መስመር ጋር እንዲጣጣም ተደርጎ ከተሠራ፣ ገዢውም በምን ዋጋ እንደሚገዛ በውል ከታወቀ ነው።

ሌላም መውጫ አለ። መብራቱን ለመንግሥት መስመር ትቶ ውኃውን ለወፍጮ ብቻ ማዋል ይቻላል። ቀድሞውንም ገቢው በወፍጮ ላይ የቆመ ማኅበር በዚህ መንገድ ዕዳውን ከፍሎ ሊጨርስ ይችላል፤ በመብራት ብቻ የቆመው ግን ይወድቃል።

ከብድሩ በፊት የሚመለሱ ጥያቄዎች

አንድ ማኅበር ሰነዱን ይዞ ወደ ካዛንችስ ከመምጣቱ በፊት የሚከተሉትን ለራሱ ቢመልስ ይበጀዋል፦

1ኛ/ ውኃው የተለካው በየትኛው ወር ነው? የበጋው ልክ ካልተያዘ ሌላው ስሌት ሁሉ ከንቱ ነው።

2ኛ/ የቀን ደንበኛው ማነው? ወፍጮ የሚተክለው ሰው ስሙና ውሉ በእጅ መገኘት አለበት።

3ኛ/ የጥገና ገንዘቡን ማን ይይዛል፣ ለማን ሒሳብ ያቀርባል?

4ኛ/ ያልከፈለ ሰው የሊቀመንበሩ ዘመድ ቢሆንም መብራቱ ይቆረጣል?

5ኛ/ መስመሩ በአምስት ዓመት ውስጥ ቢደርስ የቀረው ዕዳ ከምን ይከፈላል?

የመጀመሪያውን ጥያቄ መሐንዲስ ይመልሰዋል። የቀሩትን አራቱን መመለስ የሚችሉት ግን የቀበሌው ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ማመንጫው በአሥረኛው ዓመት ይሽከረከር እንደሆነ የሚወስነው በእነዚህ መልሶች ነው።