ያገለገለ መኪና ገዝቶ መመላለስ ስንት ያስወጣል?
(ከሒሳብ ክፍል ሠልጣኞች)

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ሒሳብ ከመማሪያ መጽሐፍ የተቀዳ አይደለም። ለማስተማር ልምምድ በተመደብንበት ትምህርት ቤት ሦስት መምህራን ጋምቤላ ከተማ እየኖሩ በአቦቦ አቅጣጫ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በየቀኑ ይመላለሳሉ። የእቁብ ገንዘባቸውን አዳምረው ያገለገለ መኪና በጋራ ሊገዙ አስበው ደላላ ሁለት አሳያቸው፤ አንዷ ቪትዝ፣ ሌላዋ ዲኤክስ። ቀብዱ ቅዳሜ ሊከፈል ሰኞ ዕለት «እስቲ እናንተ የሒሳብ ልጆች አስሉልን» አሉን። እኛም ቀላል መስሎን «እሺ» አልን።

በቅድሚያ፣ አሮጌ መኪና በእኛ አገር ለምን እንዲህ እንደሚወደድ ማወቅ ያሻል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ረዥም ዘመን ያገለገለ መኪና ከውጭ በሚያስገባ ሰው ላይ ከመኪናው ዋጋ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የውጭ ዕቃ ሁሉ ዋጋ ወደ ላይ ወጣ። እንግዲህ ቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና እንደ ወርቅ ቢታይ ምን ይገርማል? ዲኤክስ የምንላት ቶዮታ ኮሮላ አባቶቻችን ተማሪ ሳሉ የነበረች ናት፤ ዛሬም ትሸጣለች።

ወደ ስሌቱ እንግባ። በብር ብንሠራው ጋዜጣችን ከግድግዳው ሳይወርድ ያረጅብናል። የነዳጅ ድጎማው ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሣ የቤንዚን ዋጋ በየጊዜው ይከለሳል። ማደያ ውስጥ የተቀዳውና መንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውም ዋጋው አንድ አይደለም። ስለዚህ መለኪያችንን ብር ሳይሆን ሊትር አደረግን።

ደርሶ መልስ 40 ኪ.ሜ፣ በወር 22 የሥራ ቀን፣ በጠቅላላው 880 ኪ.ሜ ይሆናል። ቪትዟ በአንድ ሊትር 15 ኪ.ሜ፣ ካርቡራተር ያላት ዲኤክስ 10፣ ሞተር ሳይክል ደግሞ 40 ይሄዳሉ ብለን ያዝን። ይህ ግምት ነው። ትክክለኛውን ለማግኘት ታንከሩን ጢም አድርጎ ሞልቶ ርቀቱን መመዝገብ፣ ከተነዳ በኋላ እንደገና ሞልቶ የተነዳውን ኪሎ ሜትር በተጨመረው ሊትር ማካፈል ነው። ቆጣሪው የሞተ እንደሆነ (ባሮጌ መኪና ላይ መሞቱ የታወቀ ነው) ርዝመቱ በሚታወቅ መንገድ መንዳት ይቻላል።

እንግዲያው ቪትዟ በወር 58.7 ሊትር ትጠጣለች፤ ለሦስት ሲካፈል ለአንድ ሰው 19.6 ሊትር። ዲኤክሷ 88 ሊትር፤ ለአንድ ሰው 29.3። ሞተር ሳይክል ለብቻ ሲነዳ 22 ሊትር፣ ለሁለት 11። በግዢ ዋጋዋ የረከሰችው ዲኤክስ በነዳጅ ዕዳዋ ከሁሉም በለጠች ማለት ነው።

አሁን ይህን ሁሉ በሚኒባስ ከመሄድ ጋር እናወዳድር። የአንድ ጉዞ ሒሳብ የግማሽ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ነው ብንል፣ በወር 44 ጉዞ ለአንድ ሰው 22 ሊትር ይመጣል፤ ለሦስቱ 66። ከቪትዟ 58.7 ስንቀንስ የሚተርፈው 7.3 ሊትር ብቻ! ይህቺው ትራፊ ናት እንግዲህ ዘይት፣ ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ ባትሪ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን የምትከፍለው። በ10 የትምህርት ወራት 73 ሊትር ናት፤ ለአንድ ዙር አራት ጎማ እንኳ አትበቃም። ቦሎና መድን ደግሞ ክረምት ትምህርት ተዘግቶ መኪናዋ ዛፍ ሥር ብትቆምም የሚከፈሉ ቋሚ ወጪዎች ናቸው።

ደላላው ይህን ሲሰማ «መኪና እኮ አይከስርም፤ ከዓመት በኋላ አትርፋችሁ ትሸጣላችሁ» አላቸው። ሙሉ በሙሉ አልዋሸም፤ ነገር ግን እንመርምረው። ቪትዟ በብር ጨምራ ብትሸጥ፣ በዚያው ብር ያችኑ የመሰለች ቪትዝ ከመግዛት አልፎ ምን ይተርፋል? በቆሎውም ጨምሯል፣ የቤት ኪራዩም ጨምሯል። ደግሞም ቤት ውስጥ ሰው ቢታመም አንዱን በር ነቅሎ መሸጥ አይቻልም። የእቁብ ገንዘብ ግን ለዚያ ቀን ይደርሳል።

ስለ ጥገናም ጠይቀናል። ዲኤክስን የትኛውም መካኒክ በካቻቢቴና በፒንሳ ያስነሣታል ይባላል፤ እውነት ነው። ቪትዝ ግን የኤሌክትሪክ ነገሯ ሲበላሽ በኮምፒውተር መመርመር ይፈልጋል፤ ዕቃውም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ዕቃው እስኪመጣ ሚኒባስ ይከፈላል፤ ስለዚህ ወጪው በዚያ ወር ድርብ ይሆናል። በየካቲትና በመጋቢት የከተማችን ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ ያረጀ ራዲያተር ይፈላል። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚያስገባው ጥቁር አፈር ደግሞ ሲዘንብ ጭቃው ዝቅ ያለችውን ቪትዝ በሆዷ ያስተኛታል።

በዚህ መሠረት «ሞተር ሳይክል ይግዙ» ብለን በኩራት ጽፈን ለመምህራችን አሳየን። መምህራችን ሠንጠረዡን አይተው «ሕፃኑን የት ጻፋችሁት?» አሉን። ለካ ከሦስቱ አንዷ መምህርት ልጃቸውን አዝለው ነው የሚመላለሱት! ሞተሩ ላይ ሁለት ሰው እንጂ ሦስት ሰውና ሕፃን አይወጣም። አፍረን ሠንጠረዡን ቀደድነው።

ሁለተኛም የዘነጋነው ነገር ነበር፤ እሱም ጊዜ ነው። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠዋት ጠዋት 40 ደቂቃ ያህል ይቆማሉ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በአስተማሪ እጦት ሲባክን እኛው በዓይናችን አይተናል፤ የአራተኛ ክፍል ልጆች ደጅ ቆመው መንገድ መንገዱን ያያሉ። ለካ መምህራኑ መኪናውን የፈለጉት ገንዘብ ለማዳን ሳይሆን ለዚህ ኖሯል። ይህንን በሊትር መለካት አልቻልንም፤ ሆኖም ከሌላው ሁሉ የከበደ መሆኑን ተስማምተናል።

ቅዳሜ ቀብዱ አልተከፈለም። አርብ ማታ መካኒክ የቪትዟን ራዲያተር ከፍቶ ውሃው ላይ ዘይት ተንሳፎ አገኘ። ለጊዜው መምህራኑ ወደዚያው አካባቢ የሚሠሩ ሌሎች አራት ሰዎችን ጨምረው፣ ከአንድ ሚኒባስ ሹፌር ጋር በወር ሒሳብ ተነጋግረው ጠዋት በቁርጥ ሰዓት ይነሣሉ። እቁቡም አልተነካም። ሹፌሩ ግን አንዳንድ ቀን ይቀራል።

መልመጃ፦ ሦስቱ መምህራን ቪትዟን ገዝተው ቢሆንና አንዱ ዝውውር ደርሶት ቢሄድ፣ (ሀ) የቀሩት ሁለቱ ለነዳጅ በወር ስንት ስንት ሊትር ይደርስባቸዋል? (ለ) የሄደው መምህር ድርሻው የሚመለስለት በገዛበት ዋጋ ነው ወይስ በዛሬው ገበያ? (ሀ)ን ሠርተናል። በ(ለ) ላይ እኛው ሁለት ቦታ ተከፍለናልና የምታምኑበትን ከነምክንያቱ ጽፋችሁ በሒሳብ ክፍል በር ላይ ባለው ሣጥን ውስጥ ጨምሩልን።