መዘውሩን ሳይሆን ጠረጴዛውን እንለካ፦ ለአሮጌ ሚሊንግ ማሽን በቤት የተሠራ ዲጂታል መለኪያ

ነርሲንግ የሚማር ሰው ከሚሊንግ ማሽን ጋር ምን አገናኘው የምትሉ ትኖራላችሁ። ያገናኘኝ አባቴ ነው። አባቴ አዲስ አበባ ተግባረ ዕድ የተማረ የብረት ባለሙያ ሲሆን፣ እዚህ አሜሪካም በጋራዣችን ባለች አሮጌ ብሪጅፖርት በትዕዛዝ ዕቃ ይሠራል። ስድሳ ዓመት ካለፈው ወዲህ ግን በመዘውሩ ቀለበት ላይ የተቀረጹት ቀጫጭን መስመሮች በደንብ አይታዩትም፤ ትዕዛዝ መመለስም ጀምሮ ነበር። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ዲጂታል መለኪያ ዋጋው ስለከበደን ራሳችን ሠራነው። አሠራሩን ከነምክንያቱ ላስረዳችሁ።

ማሽኑ ያለ ዲጂታል መለኪያ እንዴት ይለካል?

በሚሊንግ ማሽን ላይ መቁረጫው ቦታው ላይ ሆኖ ይሽከረከራል። የሚሠራው ብረት በሞርሳ ተይዞ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ ጠረጴዛው ደግሞ ወደ ግራና ቀኝ (ኤክስ) እንዲሁም ወደ ፊትና ኋላ (ዋይ) ይሄዳል። የሚያንቀሳቅሰው በመዘውር የሚዞር ረጅም ብሎን ነው። በእኛ ማሽን አንድ ሙሉ ዙር ጠረጴዛውን 0.200 ኢንች ይወስደዋል። ቀለበቱ 200 መስመር ስላለው አንዱ መስመር 0.001 ኢንች ወይም 0.0254 ሚሊ ሜትር ነው።

አባቴ የሚያስበው በሚሊ ሜትር ነው። 42 ሚሊ ሜትር ለመሄድ 8 ዙር ከ53 መስመር ተኩል መቁጠር አለበት። አንድ ዙር ከተሳሳተ ቀዳዳው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይስታል፤ የተቆረጠ ብረት ደግሞ ተመልሶ አይቀጠልም።

ሌላም ችግር አለ። በብሎኑና በዳዶው መካከል ትንሽ ክፍተት አለ፤ ባለሙያዎች ባክላሽ ይሉታል። አቅጣጫ ስትቀይሩ መዘውሩ ጥቂት በባዶ ይዞራል። ክፍተቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ቀለበቱ «ሄጃለሁ» እያለ ጠረጴዛው ከቦታው አልተነቃነቀም ማለት ነው። ባለሙያ ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደ ልኩ የሚቀርበው ለዚህ ነው። ጠረጴዛው ላይ የታሰረ መለኪያ ግን ብሎኑን አይጠይቅም፤ የሚያነበው ጠረጴዛው ራሱ የት እንዳለ ነው።

ምን ያስፈልጋል?

* ሁለት ዲጂታል ስኬል፣ አንዱ ለኤክስ አንዱ ለዋይ። አሠራሩ እንደ ዲጂታል ካሊፐር ነው፤ የሚለየው በርዝመቱ ነው።
* አርዱኢኖ ሰሌዳ እና የብሉቱዝ ሞጁል
* አሮጌ አንድሮይድ ታብሌት፣ ተች ዲአርኦ ከሚባለው መተግበሪያ ጋር

በስኬሉ ዘንግ ላይ ጥቃቅን የመዳብ ሰሌዳዎች ተደርድረዋል፤ በሚንሸራተተው ራስ ውስጥም ሌሎች አሉ። ራሱ ሲንቀሳቀስ በመካከላቸው ያለው ካፓሲታንስ ይለዋወጣል፤ ቺፑም ለውጡን ወደ ርቀት ይተረጉማል። ቁጥሩ በሁለት ሽቦ ይወጣል፤ በአንዱ የጊዜ ምት፣ በሌላው መረጃው።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ ስኬሎች የሚሠሩት በ1.5 ቮልት ሲሆን የተለመደው አርዱኢኖ ግን በ5 ቮልት ነው። በቀጥታ አታገናኟቸው። በየመስመሩ ምልክቱን ከፍ የሚያደርግ ትንሽ የትራንዚስተር ሰርኪት አስገቡ፤ አስቀድማችሁም የስኬላችሁን ቮልት በመልቲሜትር ለኩ።

አገጣጠም

1. የማሽኑን ኤሌክትሪክ ከሶኬት ንቀሉ።
2. ዘንጉን በአንደኛው አካል፣ ራሱን በሌላው ላይ እሰሩ። አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው መቆም አለበት።
3. ዘንጉ ከጠረጴዛው መንገድ ጋር ትይዩ ይሁን። በ300 ሚሊ ሜትር ርዝመት 3 ሚሊ ሜትር ቢያዘነብል የንባቡ ስሕተት 0.015 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ራሱ እየተጎተተ ዘንጉን ሊያጎብጠው ይችላል።
4. ጠረጴዛውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ አንቀሳቅሱና የሚጋጭ ነገር እንደሌለ እዩ።
5. በአሉሚኒየም ላሜራ ሸፍኑት። የብረት ፍቅፋቂና የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ከገባበት ቁጥሩ ይዘባርቃል።

ሳትፈትኑ አትመኑት

ስክሪኑ 0.01 ሚሊ ሜትር ስላሳየ ብቻ እስከዚያ ድረስ ትክክል ነው ማለት አይደለም። እንዲህ ያሉ ርካሽ መለኪያዎች 0.02 ወይም 0.03 ሚሊ ሜትር መሳታቸው የተለመደ ነው። ርዝመቱ በሚታወቅ ጌጅ ብሎክና በዳያል ኢንዲኬተር አመሳክሩት፤ ከግራም ከቀኝም እየቀረባችሁ ወደ ዜሮ መመለሱን ደጋግማችሁ እዩ። ከዚያ ሞተሩን አስነሱ። ጠረጴዛው ቆሞ ቁጥሩ ከዘለለ የሞተሩ ኤሌክትሪክ እየረበሸው ነው፤ ጋሻ ያለው ሽቦ ተጠቅማችሁ ጋሻውን በአንድ ጫፉ ብቻ ከመሬት መስመር ጋር አገናኙ።

ይህ ጥንቃቄ ለእኔ ከክፍል የማውቀው ነው። በደም ቅዳ ቧንቧ በኩል የደም ግፊት ሲለካ፣ ትራንስዱሰሩ በልብ የቀኝ የላይኛው ክፍል ልክ ተቀምጦ ዜሮ መደረግ አለበት። 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ንባቡ ወደ 7.5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከፍ ይላል። ስክሪኑ ያው ጥርት ያለ ቁጥር ያሳያል፤ ቁጥሩ ግን የበሽተኛው አይደለም። ጋራዥም ሆነ ሆስፒታል፣ ቁጥር ከማንበብ በፊት «ዜሮው የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ምን አተረፍን?

አሁን አባቴ የብረቱን አንድ ማዕዘን ዜሮ አድርጎ ትልልቅ ቁጥሮችን በሚሊ ሜትር ያነባል። በ60 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ 6 ቀዳዳ ሲታዘዝ የክቡን መሐል ዜሮ ያደርጋል፤ የመጀመሪያው ቀዳዳ ኤክስ 30፣ ዋይ 0 ላይ ነው፤ ሁለተኛው ኤክስ 15፣ ዋይ 25.98። ዙር መቁጠር ቀረ።

መሣሪያው የማያደርገውንም እወቁ። ክፍተቱን አያጠፋውም፤ መቁረጫው ጠረጴዛውን ሊጎትተው ስለሚችል የማይንቀሳቀሰውን አቅጣጫ ቆልፉ። ልኩ ከ0.05 ሚሊ ሜትር ለጠበበ ሥራም በማይክሮሜትር አረጋግጡ። ከዚያ ውጭ ላለው ሥራ ለእኛ በቂ ሆኗል፤ አባቴም ትዕዛዝ መቀበል ቀጥሏል። ዓይናቸው እየደከመ እጃቸው ግን ያልደከመ ባለሙያ አባት ወይም አጎት ያላችሁ፣ የአንድ ቅዳሜና እሑድ ሥራ ብዙ ዓመት ሊጨምርላቸው ይችላል።